ጄይ ማይነር፦ ኮምፒዩተርን ከቴሌቪዥን ሥዕል ጋር ያጣመረው መሐንዲስ

በቴሌቪዥን አንድ ሰው ሲናገር ስሙ ከደረቱ ሥር ተጽፎ ቢታይ ዛሬ ማንም አይደነቅም። ቀድሞ ግን ይህ ሥራ ውድ የሆነ የጣቢያ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር። በቤት ኮምፒዩተር እንዲሠራ ካስቻሉት ሰዎች ዋነኛው ጄይ ማይነር ነው።

ማይነር እ.ኤ.አ. በ1932 አሪዞና ውስጥ ተወለደ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተምሮ፣ በኋላ አታሪ በተባለው ኩባንያ በ1977 ለወጣው የጨዋታ መሣሪያና በ1979 ለወጡት ኮምፒዩተሮች የሥዕል ቺፖችን ከነደፉት አንዱ ሆነ። 68000 በተባለው ፕሮሰሰር አዲስ ኮምፒዩተር እንሥራ ቢል ግን አለቆቹ አልተቀበሉትም። ለቅቆ ወጣ፤ በ1982 በተመሠረተው በአሚጋ ኩባንያም ሐሳቡን መፈጸም ጀመረ።

ገንዘብ ግን አጠረ። በ1984 ኩባንያው ከዚያው ከአታሪ 500,000 ዶላር ተበደረ፤ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ቺፖቹ ከእጅ ሊወጡ ነበር። ኮሞዶር ደርሶ ዕዳውን ከፈለ፤ ኩባንያውንም ገዛው። የመጀመሪያው አሚጋ በጁላይ 1985 ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ታየ።

ምሥጢሩ ያለው በሰዓት ምቱ ላይ ነው። ካሜራም ሆነ ኮምፒዩተር ሥዕሉን የሚያወጣው በመስመር በመስመር፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ምት ከሄዱ ጽሑፉ በሥዕሉ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የአሜሪካው አሚጋ ዋና ምት የቴሌቪዥኑን የቀለም ምልክት ስምንት እጥፍ፣ ማለትም በሴኮንድ 28.6 ሚሊዮን ያህል፣ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያም አልፎ ኮምፒዩተሩ የራሱን ምት ትቶ የእንግዳውን እንዲቀበል በር ተከፈተለት። ጄንሎክ የሚባለው ሣጥን ከኋላ ተሰክቶ ከካሜራው ጋር የተስማማ ምት ያቀብለዋል። በአንድ መቆጣጠሪያ ሬጂስተር ውስጥ አንዲት ቢት ወደ 1 ስትለወጥ፣ የመስመርንና የገጽን መጀመሪያ የሚያስታውቁት ሁለት መስመሮች ምልክት መላካቸውን ትተው መቀበል ይጀምራሉ።

የቀረው ጥያቄ የት ላይ ጽሑፉ፣ የት ላይ ቪዲዮው ይታይ የሚለው ነው። ዴኒዝ የተባለችው ቺፕ የምታወጣው ነጥብ ቀለሙ ቁጥር 0 ከሆነ በአንዲት እግሯ ምልክት ትሰጣለች፤ ጄንሎኩም በዚያ ቦታ የካሜራውን ሥዕል ያሳልፋል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የካሜራውን ሥዕል ከቶ አያየውም፣ በማስታወሻውም አያስቀምጠውም። መቼስ በ256 ኪሎባይት ማስታወሻ ሌላ ምን ይደረጋል? ከዚህ የተነሣ ትናንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ሠርግ ቀራጮች ሳይቀሩ መሣሪያውን ወደዱት።

ማይነር ይህን ሁሉ ሲሠራ በኩላሊት በሽታ ይሠቃይ ነበር፤ ደሙም በመሣሪያ ይታጠብ ነበር። እኅቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችው። ኮሞዶር በአፕሪል 1994 ሥራውን አቆመ፤ ማይነርም ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጁን 20፣ በ62 ዓመቱ ዐረፈ።

ያንን የመጀመሪያ አሚጋ የሚከፍት ሰው ከክዳኑ ውስጥ የሠሪዎቹን ፊርማ ያገኛል። በመካከላቸውም ሚቺ የተባለችው የማይነር ውሻ የእግሯ ዱካ ታትሟል።