ሬኔ ዳቪድ

ሬኔ ዳቪድ (1906 – 1990 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅና የንጽጽራዊ ሕግ መምህር ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በማርቀቃቸውና የዓለምን የሕግ ሥርዓቶች በቤተሰብ ከፍለው በማጥናታቸው ይታወቃሉ።

== ሕይወትና ትምህርት ==
ዳቪድ በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። ሕግ ካጠኑ በኋላ በግረኖብል፣ በፓሪስና በኤክስ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ዘመናችን ታላላቅ የሕግ ሥርዓቶች ያሳተሙት መጽሐፍ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በዚህ መጽሐፍ ከሮማ ሕግ የመነጨውን፣ የእንግሊዝን ኮመን ሎውና የሶሻሊስት አገሮችን ሕግ ለየብቻ መድበው፣ በሃይማኖትና በባህል ላይ የቆሙትን ሌሎች ሥርዓቶችም ተመልክተዋል።

== የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ==
በ1940ዎቹ ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገሪቱን ሕጎች በአዲስ መልክ ለማዘጋጀት የሕግ ኮሚሽን አቋቁመው የውጭ ሊቃውንትን ጋበዙ። የወንጀለኛ መቅጫው ሥራ ለስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ ፍትሐ ብሔሩ ለዳቪድ ተሰጠ። ዳቪድ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ጽፈው ለኮሚሽኑ ያቀርቡ ነበር፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። 3367 አንቀጾች አሉት።

ዳቪድን የገጠማቸው ትልቁ ጥያቄ ልማዳዊው ሕግ ምን ይሁን የሚለው ነበር። ልማዱ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አብዛኛውም አልተጻፈም። እርሳቸው ሕጉ አገሪቱን ወደፊት የሚያራምድ መሣሪያ መሆን አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ አንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የተጻፉና ልማዳዊ ደንቦች ሻረ። ሆኖም በባህል የሚፈጸም ጋብቻና የባልና ሚስትን ክርክር የሚያዩ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች በሕጉ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ተቺዎች ሕጉ ከሕዝቡ ኑሮ የራቀ ነው ሲሉ ደጋፊዎቹ አንድ ወጥና ሊታወቅ የሚችል ሕግ ማስገኘቱን ያነሣሉ።

== ከወጣ በኋላ ==
በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ መሬት የመንግሥት ሲሆን ስለ መሬት ባለቤትነት የተጻፉት ብዙ አንቀጾች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የቤተሰቡን ክፍል በፌዴራል ደረጃ ተካ። የውልና ከውል ውጭ ኃላፊነት ክፍሎች ግን ዛሬም በፍርድ ቤቶች በየዕለቱ ይጠቀሳሉ።

ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎችን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ለምሳሌ አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ሲያዝ፣ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። በግል በተጻፈ ወረቀት ቤት የገዛ ሰው ቤቱን ማጣት አለማጣቱ በሁለቱ አንቀጾች ንባብ ላይ ስለሚመሠረት፣ ጉዳዩ በችሎቱና በሕግ ምሁራን ዘንድ ብዙ አከራክሯል። በዚህ መንገድ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሕግ በኢትዮጵያውያን ዳኞች ትርጉም እየዳበረ ይገኛል።

== ክብር ==
ዳቪድ በ1976 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድን የኢራስመስ ሽልማት ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ተቀብለዋል። በ1990 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አረፉ።