የኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱት አጥቂ

ዛሬ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ሜዳዎች ኳስ የሚጫወት ወጣት የይድነቃቸው ተሰማን ስም ሰምቶ ይሆናል፤ ሲጫወቱ ግን አላያቸውም። ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም. ነውና፣ ያዩአቸው ዓይኖችም አንድ በአንድ እየተከደኑ ነው።

ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውንም ጀርመን አገር ድረስ ሄደው በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ኳስን መረጡ። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረትም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ክለቡን ተቀላቀሉ።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ከለከለ፤ የክለቡንም ስም ለወጠ። ወጣቱ አጥቂ ያንን ዘመን በሜዳ ላይ አሳለፉት። በኋላ በአህጉር ደረጃ ላደረጉት ትግል ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ነፃነት እንደተመለሰ፣ በ1935 ዓ.ም. ገደማ፣ የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። ይህ ሥራ ከግቦቻቸው ያነሰ ይወሳል፤ ያለ አግባብ ነው። ሕግ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ሲሆን፣ በዳኛና በተጫዋች ክርክር የሚረታው ቋንቋውን የሚያውቀው ነውና።

ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው፣ በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በ1940ዎቹ ቡና ይዞ ከነቀምት አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረ አጎቴ፣ ሒሳቡን ሳይዘጋ ወደ ሜዳ ይሮጥ ነበር። መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ተመልሶም ስለ ቡናው ዋጋ ስንጠይቀው የሚያወራልን ስለ ይድነቃቸው ነበር። እኛም የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ይድነቃቸው እኔ ነኝ እያልን እንጣላ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ይድነቃቸው ያን ጊዜ አሠልጣኝ ነበሩ። በአዲስ አበባው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የቀረበችው፣ ከአምስት ዓመት በፊት ካርቱም ላይ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 የረታችው ግብጽ ነበረች። ግብጽ ቀድማ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ወዲያው ዳግመኛ መሩ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ብቻ ነው።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም መሩት። ደቡብ አፍሪካ ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዷ ብትሆንም፣ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ቀርታ ነበር። እርሳቸውም በዚህ ጉዳይ ለድርድር አልተመቹም። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ አገሪቱን አባረራት።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ ማልያ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ ይድነቃቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት አልፏቸው ነበር።