ሦስተኛውን ወገን መምረጥ ይጠቅማልን? የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የሚያስረዳው
ሁለት ብርቱ ወገኖች ስለ ሥልጣን በሚወዳደሩበት ዘመን፤ ኃይሉ ገና ያልጸና ሦስተኛ ወገን የተነሣ እንደ ሆነ፤ እርሱን መምረጥ ድምፅን በከንቱ መጣል ነው ወይስ ለሀገር የሚጠቅም ሥራ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ልብ ይመላለሳል። ይህ ነገር ለጎንደርና ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የድምፅ መስጫ ሣጥን ከመታወቁ አስቀድሞ በሁለት ኃያላን መካከል ተጨንቆ ሳለ፤ ከቋራ የተነሣ ሦስተኛ ሰው አይቷልና። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት በዚህ መንገድ ብንመረምረው ብዙ ትምህርት እናገኝበታለን።

በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው ይቀመጥ ነበር እንጂ ሥልጣኑ በእጁ አልነበረም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ከመሳፍንቱ ሁሉ የበረቱት፤ በደብረ ታቦር የተቀመጡት የየጁው ራስ ዓሊና ስሜንንና ትግሬን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። በ1834 ዓ.ም. ሁለቱ በደብረ ታቦር ተዋጉ። ድሉ ለውቤ ሆኖ ራስ ዓሊ ሸሹ፤ ነገር ግን አሸናፊዎቹ በደስታ ላይ ሳሉ ከራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በጥቂት ጭፍራ ደርሰው ውቤን ማረኳቸው። ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ራስ ዓሊ ወደ ሥልጣናቸው፤ ውቤም በምሕረት ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። የሞተው ወታደርና የተዘረፈው ገበሬ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሱም። ከሁለቱ ማንም ቢያሸንፍ የሕዝቡ ኑሮ እንደማይለወጥ ከዚህ ታየ።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ፤ ጠላቶቻቸው ከነገሡም በኋላ ይህንኑ ስድብ አድርገው ያወሩባቸው ነበር። በልጅነታቸው በተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማሩ ገዳሙ በጦር ስለ ተወረረ አምልጠው፤ ከዘመዳቸው ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ አደጉ። ክንፉ ከሞቱ በኋላ ደምቢያ ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ስለ ተሰጠ፤ ካሣ ወደ ቋራ ገብተው ሸፈቱ። በዚያን ጊዜ ለተከታይ የሚሰጡት ጉልትም ሹመትም አልነበራቸውም። ጥቅሙን የሚያሰላ ሰው ከደብረ ታቦር ወይም ከስሜን ያድር ነበር እንጂ ወደ ቋራ አይወርድም ነበር። የወረዱት ከሁለቱ ጌቶች ያጡትን ተስፋ ፈልገው ነው።

ራስ ዓሊና እናታቸው ካሣን በጋብቻ ለማሰር አስበው የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። ካሣ ግን በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን በጦርነት ማርከው፤ ደምቢያን ከተቀበሉ በኋላ ለቀቋቸው። በ1840 ዓ.ም. በምዕራቡ ወሰን በግብፅ ጦር መድፍ ድል ስለ ሆኑ ነገራቸው ያበቃ መሰለ። በ1845 ዓ.ም. ግን በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረጉ። ይህን ጊዜ ባላንጣ ሆነው የኖሩት ዓሊና ውቤ ጦራቸውን አስተባብረው በእርሳቸው ላይ ሰደዱ። ሦስተኛው የተነሣባቸው በሁለቱም ላይ መሆኑን አስተውለዋልና። ካሣ ይህንንም ጦር በታቁሳ ድል አድርገው፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል የራስ ዓሊን ሥልጣን አፈረሱ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን በስሜን ማረኳቸው። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፤ ውቤ ራሳቸው ከግብፅ ያስመጧቸው ጳጳስ አቡነ ሰላማ፤ ካሣን ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው ቀቧቸው።

እንግዲህ ወደ ቋራ የወረዱት ሰዎች ድካማቸው ከንቱ አልሆነም። የተከፋፈለው መንግሥት አንድ የመሆኑ አሳብ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም፤ በኋላ የተነሡት ነገሥታትም ይህንኑ ተከትለዋል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሦስተኛ የነበሩት ንጉሥ ብቸኛ በሆኑ ጊዜ የሚገታቸው ሕግ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያንን መሬት በወሰዱ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ በየአውራጃው የሸፈተባቸውን በብርቱ ቅጣት ለመመለስ ደከሙ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን ከተማ ዘርፈው አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። የቀቧቸው አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፤ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። አስቀድሞ ተስፋ ያደረገባቸው ሕዝብ አብዛኛው ርቋቸው ነበር።

ዛሬ ምርጫው በጦር ሳይሆን በድምፅ መሆን እንዳለበት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደንግጓል። በዚህም ሕግ በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ እኩሌታውን ማለፍ ግድ አይሆንበትም። ከ100 ድምፅ አንዱ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ያገኙ እንደ ሆነ ባለ 40ው ያልፋል። ስለዚህ ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ከሁለቱ ይበልጥ የሚጠላውን ሊያሳልፍ ይችላልና፤ ይህ ስጋት ተራ አይደለም።

ሁለቱ ብርቱዎች በእውነት የተለያዩ እንደ ሆነና የአንዱ ማሸነፍ ጉዳት የሚያመጣ እንደ ሆነ፤ ሰው ይህን አስቦ ከሁለቱ የሚሻለውን ቢመርጥ አይነቀፍም። ነገር ግን በደብረ ታቦር እንደ ታየው፤ ማንም ቢያሸንፍ ሕዝቡ የሚያገኘው ያው የሆነ እንደ ሆነ፤ ለሦስተኛው የተሰጠ ድምፅ ባያሸንፍ እንኳ የሕዝቡን ፍላጎት ያስታውቃል፤ ብርቱዎቹንም ያነቃል። ይህም ሲሆን ሦስተኛውን ተስፋ ያደረጉበት ሰዎች ከሌሎቹ አብልጠው ሊመረምሩት ይገባል፤ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ለማይከተሉት ሰዎች ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይጠይቁ። የጎንደር ሕዝብ ተስፋ ያደረገበትን ንጉሥ ዳግመኛ የሚመዝንበት ቀን አልነበረውም። የዛሬው መራጭ በሕግ በየ5 ዓመቱ ይህ ቀን አለውና፤ ማንንም ይምረጥ ማንን ይህን ቀን የሚጠብቅለትን ይምረጥ።