የነርቭን ፍጥነት የለካው ሄርማን ሄልምሆልትዝ

እሾህ እግሩን የወጋው ሰው ሕመሙ የሚሰማው በተወጋበት ቅጽበት ነውን? ይህን ጥያቄ በመሣሪያ የመለሰውን የጀርመናዊውን ሊቅ የሄርማን ሄልምሆልትዝን ታሪክ ባጭሩ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

ሄልምሆልትዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህር ነበር። ልጁ ፊዚክስን ቢወድም የቤተ ሰቡ ገንዘብ ስላልበቃ፣ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ ሊያገለግል ውል ገብቶ በመንግሥት ወጪ በርሊን ሕክምና ተማረ። በ1849 በኬኒግስበርግ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

መምህሩ ዮሐንስ ሙለር የነርቭ መልእክት ፍጥነት ምናልባት ከቶ ሊለካ እንደማይችል ያምን ነበር። ሄልምሆልትዝ ግን በዚያው ዓመት መለኪያውን ሠራ። ፈረንሳዊው ፑዬ ቀደም ሲል ባሳየው ዘዴ፣ እጅግ አጭር ጊዜ የሚለካው በማግኔት መርፌ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጅረት ረዘም ላለ ጊዜ ባለፈ መጠን መርፌዋ አብዝታ ትወዛወዛለች። ሄልምሆልትዝ የእንቁራሪት እግር ጡንቻ ከነነርቩ ወሰደ። ነርቩ በኤሌክትሪክ በተነካበት ቅጽበት የሚለካው ጅረት ይጀምራል፤ ጡንቻው ተኮማትሮ ክብደት ሲያነሣ ራሱ ያቋርጠዋል። ባለቤቱ ኦልጋ ቁጥሩን ትመዘግብለት ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የተለካው ጊዜ የነርቩ ብቻ አይደለም፤ የጡንቻውም የመሣሪያውም መዘግየት ተደምሮበታል። (በስፖርት ቀን ሩጫ ሲደረግ፣ የሰዓት ያዡ አውራ ጣት መዘግየት አብሮ እንደሚቆጠር ማለት ነው።) ስለዚህ ነርቩን አንድ ጊዜ ከጡንቻው አጠገብ፣ ሌላ ጊዜ ከሩቁ ጫፍ እየነካ ሁለቱንም ለካ። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የጋራው መዘግየት ይጠፋል፤ የሚቀረው ነርቩ የፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ርዝመቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊሜትር በሆነ ነርቭ ላይ ልዩነቱ ከ0.0014 እስከ 0.0020 ሰከንድ ሆነ። ይህ በሰከንድ 30 ሜትር አካባቢ ነው፤ ድምፅ እንኳ ዐሥር እጥፍ ያህል ይበልጠዋል! ነርቩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ዘገየ።

ወሬው በ1850 ሲሰማ ብዙዎች ለመቀበል ተቸገሩ። ሐሳብና የሰውነት እንቅስቃሴ በአንድ ቅጽበት የሚሆኑ ይመስለው የነበረው አባቱም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ሄልምሆልትዝ ጡንቻው ራሱ በሚዞር በርሜል ላይ መስመር የሚጽፍበት ሌላ መሣሪያ ሠርቶ፣ መዘግየቱን ለዓይን የሚታይ አደረገው።

በ1851 ሐኪሞች የዓይንን ውስጥ የሚያዩበትን መስተዋት ፈለሰፈ። በ1871 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ የሬዲዮን ሞገድ ያገኘው ሃይንሪሽ ኸርዝ እዚያ ተማሪው ነበር። ከ1888 ጀምሮ የጀርመንን የፊዚክስና የቴክኒክ መለኪያ ተቋም ሲመራ ቆይቶ፣ በ1894 በ73 ዓመቱ ዐረፈ።