ኤሚል በርሊነር፤ የሸክላው ሰው

ግራሞፎንን የሠራው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ከእኛ ከተማሪዎች አብዛኛው ኤዲሰን ነው ብሎ ይመልሳል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት መጻሕፍት እስክናገላብጥ ድረስ እንደዚያው እንል ነበር። ኤዲሰን በ1877 (እዚህ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሠራው ፎኖግራፍ ድምፅን የሚይዘው ሲሊንደር በሚሉት፣ ቅርጹ የቀርከሃ ቁራጭ በሚመስል ነገር ላይ ነበረ። አባቶቻችን ሸክላ ብለው የጠሩትን ጠፍጣፋውንና ክቡን ነገር ለዓለም ያወጣው ግን ኤሚል በርሊነር የሚባል ሌላ ሰው ነው።

በርሊነር የተወለደው በሜይ 20 ቀን 1851 በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ነው። ወገኑ አይሁዳዊ ሲሆን ወላጆቹ ዐሥራ ሦስት ልጆች ወልደው ነበርና የቤቱ ኑሮ የተትረፈረፈ አልነበረም። በዐሥራ አራት ዓመቱ ትምህርቱን ጨርሶ በመጀመሪያ በማተሚያ ቤት፣ ቀጥሎም በጨርቃ ጨርቅ መደብር ተቀጠረ። በ1870 የፕሩሲያና የፈረንሳይ ጦርነት በመጣበት ሰሞን ከወታደርነት ለመዳን ሲል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዋሽንግተን በጨርቅ ሻጭነት፣ በኒው ዮርክ ደግሞ በአንድ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጠርሙስ በማጠብ ሲሠራ ቆይቶ፣ ማታ ማታ ኩፐር ዩኒየን በሚባለው ተቋም ይማር ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጅ ረግጦ አያውቅም። (ይህን የምንጽፈው እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን ስናስበው ትንሽ ያሳፍረናል።)

በ1876 የቤል ቴሌፎን ወሬ አገሩን ሲሞላው በርሊነርም ልቡ ተነካ። የቤል መሣሪያ መስማቱ ደኅና ሆኖ ሳለ የተናጋሪውን ድምፅ አጉልቶ መላክ ይቸግረው ነበር። በርሊነር በተከራያት ክፍል ውስጥ ሲሞካክር ቆይቶ በ1877 ማይክሮፎን የምንለውን መሣሪያ አንድ ዓይነት ሠራ። የቤል ኩባንያም መብቱን ገዝቶ እሱንም ቀጠረው። ስለዚህ ማይክሮፎን የተነሣው ክስና ክርክር እጅግ ረዥም ስለ ሆነ ብንተርከው መጽሔታችን አይበቃውምና እንለፈው።

ታላቁ ሥራው የመጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1887 ነው። ዘዴው እንዲህ ነበረ። ዝርግ የዚንክ ክብ ላይ ስስ ሰም ይቀባል። ዘፋኙ አፉ በሰፋ ቀንድ ውስጥ ሲዘፍን ከቀንዱ ጫፍ ያለው መርፌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተርገበገበ ሰሙን ይጭረዋል። ከዚያ ዚንኩ በአሲድ ውስጥ ሲነከር ሰሙ የተገፈፈበት መሥመር ብቻ ተበልቶ ቦይ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ከኤዲሰን የሚለየው በቅርጹ ነው ቢባል ይቻላል። ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከዚያ ዚንክ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል የመዳብ ግልባጭ ይወሰድና ግልባጩ እንደ ማኅተም ሆኖ በለሰለሰ ጎማ ላይ ይታተማል። አንድ ማኅተም ደብዳቤውን ሁሉ እንደሚያትም አንድ ዘፈንም ብዙ ሸክላ ይወጣዋል ማለት ነው። ጎማው እየጎበጠ ስላስቸገረ በ1897 ገደማ በሼላክ ተተካ፤ ይህም በህንድ አገር ነፍሳት ከሚያወጡት ሙጫ የሚሠራ ነገር ሲሆን፣ ያን ጊዜ የልብስ ቁልፍ ይሠሩበት ነበር። በአማርኛ ሸክላ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ሲወድቅ እንደ ገል መሰባበሩን አይቶ ይመስለናል።

የማባዛቱ ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ ዘመን መጀመሪያ በብዛት የማባዣ በቂ ዘዴ ስላልነበረ ዘፋኙ ብዙ መሣሪያዎች ፊቱ ተደርድረውለት አንዱን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይደጋግም ነበር። ጆርጅ ጆንሰን የሚባል በቨርጂኒያ በባርነት ዘመን የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሳቅ ያለበት ዘፈኑ እጅግ ስለ ተወደደለት፣ ቢደክመውም ቢከፋውም ያንኑ ሳቅ በየዙሩ ይስቅ ነበር። ክፍያውም በየዙሩ ነው። ወደ እኛም አገር የመጣ ምሳሌ አለ፤ በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በሲሊንደር ቀርጸው ልከው ነበር። ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር አስቀድመው አዘው ስለ ነበር ተሰበረ። ለንግሥቲቱ ይህ ይመቻቸው ይሆናል፤ ድምፁን ሊነግድበት ለሚፈልግ ግን አይመችም።

በርሊነር ዘፋኙን ከድግግሞሽ አዳነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ዘፋኙ አንድ ጊዜ ዘፍኖ አንድ ጊዜ ሲከፈለው፣ ሸክላው ግን በሺሕ ይሸጣል። የበርሊነር ረዳት የነበረው ፍሬድ ጋይስበርግ በ1902 ሚላኖ ውስጥ በሆቴል ክፍል ኤንሪኮ ካሩሶን ዐሥር ዘፈን አስዘፍኖ የከፈለው መቶ ፓውንድ ነው። ያን ጊዜ ይህ ከልክ ያለፈ ገንዘብ ይመስል ነበር፤ ሸክላዎቹ ያስገቡት ትርፍ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ካሩሶ ኋላ ከሽያጩ ድርሻ እስከ ማግኘት ደረሰ። ይህን ያላገኙት ዘፋኞች ግን ብዙ ናቸው።

ወደ በርሊነር እንመለስ። የመጀመሪያው ማሽን በእጅ የሚዞር ስለ ነበረ እጅ ሲፈጥን ዘፋኙ ይጮኻል፣ እጅ ሲዘገይ ያለቅሳል። ይህን ያቃናው በካምደን ከተማ መካኒክ የነበረው ኤልድሪጅ ጆንሰን ነው (ከላይ ካልነው ዘፋኝ ጋራ ስም እንጂ ዝምድና የለውም)፤ በ1896 በቁልፍ የሚሞላ ሞተር ሠራለት። ሽያጩን ደግሞ ፍራንክ ሲማን የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ ያዘ። በርሊነር በ1895 በፊላደልፊያ ኩባንያ አቁሞ ነበርና ገበያው ደራ። በ1898 ለንደን ላይ የግራሞፎን ኩባንያ ተቋቋመ፤ በሐኖቨርም ወንድሙ ዮሴፍ ያለበት ዶይቸ ግራሞፎን ተመሠረተ። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሊማሩ ጀርመን አገር ሄደው፣ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ለመሆን የበቁት ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ሲማን ግን በዋጋ ምክንያት ተጣላና ዞኖፎን የሚባል ተወዳዳሪ ማሽን ይዞ ተነሣ፤ ከበርሊነር ባላጋራዎችም ጋራ ወገነ። በጁን 1900 ፍርድ ቤት በርሊነር የገዛ ሥራውን በአሜሪካ እንዳይሸጥ አገደው። ሠሪው ታግዶ የሻጩ ማሽን ገበያ ላይ ቀረ። ነገሩን ደጋግመን አነበብነው፤ የውሉን ሐረግ እየተከተልን ሕጉ ገብቶናል፤ ፍትሑ ግን አልገባንም። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ግራሞፎን የሚለውን ቃል እየተዉት ሄዱና የበርሊነርን ማሽን በኤዲሰን ማሽን ስም ፎኖግራፍ ብለው ጠሩት። የእኛ ሰዎች በስሙ ግራሞፎን ማለታቸውን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

እሱ ወደ ካናዳ ሄዶ በሞንትሪያል ሥራውን ጀመረ። ጆንሰን በ1901 ቪክቶር የሚባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም የበርሊነር መብት ወደዚያ ገባ፤ እሱም አክሲዮን አገኘ። ቀንድ ፊት ተቀምጦ የጌታውን ድምፅ የሚያዳምጠው ውሻ ምልክትም አብሮ ተላለፈ። ሥዕሉን የሣለው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ባራውድ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ውሻው የሚያዳምጠው የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ነበር። የለንደኑ ኩባንያ በ1899 ሥዕሉን የገዛው ፎኖግራፉ በቀለም ተሸፍኖ በላዩ ግራሞፎን እንዲሣልበት አድርጎ ነው።

ከዚያ ወዲያ በርሊነር ከንግዱ እየራቀ ሄደ። ትንሽ ልጁ አሊስ በሆድ በሽታ ታማበት ሐኪም ፍለጋ ከተንከራተተ በኋላ፣ ወተት ሳይፈላ ለሕፃናት እንዳይሰጥ ለብዙ ዓመታት በጋዜጣና በጽሑፍ ሲሰብክ ኖረ። በእናቱ በሣራ ስምም ሴቶች የሳይንስ ምርምር የሚያደርጉበት ገንዘብ መደበ። ከልጁ ከሄንሪ ጋራ ሄሊኮፕተር እስከ መሞከር ደርሷል።

በ1925 የሸክላ ፋብሪካዎች ቀንዱን ጥለው በማይክሮፎን መቅረጽ ጀመሩ። ዓይነቱ እሱ ከሠራው የተለየ ቢሆንም፣ በ1877 የደከመበት ነገርና በ1887 የደከመበት ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። በርሊነር ሰባ አራት ዓመቱ ነበርና ይህን ለማየት በቃ።

በኦገስት 3 ቀን 1929 በዋሽንግተን በሰባ ስምንት ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ለቤተ ሰቡ ትቶት በነበረው ጽሑፍ ብዙ ወጪ ያለበት ቀብር እንዳይደረግለት፣ ለድሆች እናቶች ገንዘብ እንዲሰጥ፣ ፀሐይ ስትጠልቅም እንዲቀበር አሳስቦ ነበር። ሙዚቃም ጠይቋል፤ የቤትሆቨንን የጨረቃ ሶናታ መጀመሪያ ክፍል አሊስ ራሷ በፒያኖ እንድትጫወትለት።