ኦቶ ዋርበርግ፤ የሕዋስን ትንፋሽ በብርሃን የመረመረ ሊቅ

የሰው አንጎል ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ በሚገኝበት ጊዜ ከሚወስደው ኦክሲጅን ከመቶ 20 ያህሉን ብቻውን ይጠቀማል። ኦክሲጅኑም በአብዛኛው የሚውለው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ስኳርን አቃጥሎ ኃይል ለማስገኘት ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ይህ የማቃጠል ችሎታ እየደከመ ይመጣል። ባለፉት ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ደግሞ ቀይ ብርሃንን፣ ወይም ከቀዩ ቀጥሎ ያለውንና ለዓይን የማይታየውን ጨረር፣ በራስ ቅል ላይ በማብራት የአረጋውያንን አንጎል ማበርታት ይቻል ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሥቶ በልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች ይመረመራል። የጥያቄው እምብርት በሕዋስ ውስጥ ኦክሲጅንን የሚቀበለው ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም ነጥሎ ሳያወጣው፣ ብርሃንን እንደ መለኪያ ተጠቅሞ ምንነቱን የገለጠው ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ ነበረ።

ዋርበርግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1883 በፍራይቡርግ ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። አባቱ ኤሚል ዋርበርግ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ በርሊን ከገባ በኋላ ቤቱ እነ ማክስ ፕላንክና ዋልተር ኔርንስት የመሳሰሉ ጠበብት የሚሰበሰቡበት ነበረ። ኤሚል ብርሃን በኬሚካዊ ለውጥ ላይ ያለውን ኃይል በጥንቃቄ እየለካ የአልበርት አይንሽታይንን ሐሳብ በሙከራ ከፈተኑት ሰዎች አንዱ ነው። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ዋና ሀብት ይኸው የብርሃን ልኬት ጥበብ ነበረ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ወጣቱ ኦቶ በ1906 በኤሚል ፊሸር መሪነት በኬሚስትሪ፣ በ1911 ደግሞ በሃይደልበርግ በሕክምና የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። በ1908 ባወጣው ጥናት የባሕር ጃርት እንቁላል ዘር ከተቀበለ በኋላ የሚወስደው ኦክሲጅን እስከ ስድስት እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገብቶ በምሥራቅ ግንባር ተዋጋ፤ ቆሰለም። በ1918 አይንሽታይን በወዳጆች ልመና ደብዳቤ ጽፎ ወደ ሳይንስ ሥራው እንዲመለስ እስኪመክረው ድረስ ከጦሩ አልተለየም። የፈረስ ግልቢያ ፍቅርና የወታደር ሥርዓት እስከ ዕድሜው መጨረሻ አብረውት ኖረዋል።

ለመሐንዲስ ዓይን የሚማርከው የዋርበርግ ሥራ መሣሪያዎቹ ናቸው። ለደም ጋዝ ምርመራ የተሠራውን ማኖሜትር ወስዶ ለሕያው ሕዋስ እንዲስማማ አደረገው። መሣሪያው ሙቀቱ በማይለዋወጥ የውሃ ገንዳ ውስጥ የሚወዛወዝ ትንሽ የብርጭቆ ዕቃና ከእርሱ ጋር የተያያዘ፣ ባለቀለም ፈሳሽ የያዘ ቀጭን ጠምዛዛ ቱቦ ነው። ሕዋሳቱ ኦክሲጅን ሲወስዱ፣ የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በዕቃው መካከል የተቀመጠ ፖታሽ ሲመጥጠው፣ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል። የጋዙ መጠን እንዳይለወጥ ተደርጎ የፈሳሹ ከፍታ በሚሊሜትር ይነበባል። ከእንስሳ አካል የተወሰደ ሥጋም በስስ ተቆርጦ ከገባ ኦክሲጅን እስከ መካከሉ ስለሚደርስለት እንደ እርሾ ሕዋስ ሊለካ ቻለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኩላሊትም ሆነ የአንጎል ቁራጭ ምን ያህል እንደሚተነፍስ የታወቀው በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ከ1926 ወዲህ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የእርሾን ትንፋሽ እንደሚያግድ ዋርበርግ ተመለከተ። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ብረት ጋር እንደሚጣበቅና ብርሃን ሲያርፍበት እንደሚላቀቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ከብዙ ዓመታት በፊት አሳይቶ ነበር። ዋርበርግም የታገደውን እርሾ በብርሃን ቢመታው ትንፋሹ ተመለሰ፤ መብራቱ ሲጠፋ እንደገና ታገደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ አስደናቂ ትርኢት አይቶ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን የመለኪያ በር ሆኖ ታየው። ምክንያቱም ጋዙ የሚላቀቀው ኢንዛይሙ ብርሃኑን ሲመጥ ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው ቀለም ብዙ እንደሚያላቅቅ መመዝገብ ኢንዛይሙ የትኛውን ቀለም እንደሚመጥ መመዝገብ ነው። ከኤርዊን ኔገላይን ጋር ሆኖ የታወቀ ብርታት ያለውን የአንድ ቀለም ብርሃን በየተራ እየላከ የትንፋሹን ለውጥ በማኖሜትር አነበበ። የተገኘው መስመር በ433 ናኖሜትርና በ590 ናኖሜትር አካባቢ ጉልህ ጫፎች ነበሩት። ቅርጹም ለደም ቀይ ቀለም የሚሰጠውን ባለብረት ውሁድ ይመስል ነበረ። በሕዋስ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ በዘመኑ ማንም ነጥሎ ሊያወጣው ያልቻለው ኢንዛይም እንዲህ ማንነቱ ተለየ። በ1931 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚሁ ነው። በዚያው ዓመት በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ በርሊን ዳህሌም የተሠራለት የሕዋስ ፊዚዮሎጂ ተቋም ሥራ ጀመረ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ዴቪድ ኬይሊን በ1925 ሳይቶክሮም ብሎ የሰየማቸውን የሕዋስ ቀለሞች ገልጦ ነበር። ኬይሊንና ሃርትሪ በ1930ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት የዋርበርግ ኢንዛይም የዚያው ሰንሰለት መጨረሻ ቀለበት ነው፤ ዛሬም ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ይባላል። ዋርበርግ ግን የተቀናቃኙን ሥራ ተገቢውን ክብር ሳይሰጠው ኖረ።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ረዳቱ የነበረውን ሃንስ ክሬብስን ጨምሮ ብዙ የአይሁድ ዘር ያላቸው ጠበብት አገር ለቀው ተሰደዱ። ዋርበርግ በአባቱ በኩል ከዚያው ዘር ሆኖ ሳለ አልሄደም። በ1941 ከሥራው ተሰናበተ፤ ነገር ግን የካንሰር ምርምር እንዲያካሂድ ተብሎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ተቋሙን ትቶ መሄድ ሕይወቱን ትቶ እንደ መሄድ ሆኖበት ይሆናል። የሆነ ሆኖ እየታደኑ ለነበሩት ወገኖቹ ይህ ምርጫ ምን ይመስል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ ከጦርነቱ በኋላም በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ባልደረቦቹ በቅሬታ ዓይን ተመለከቱት።

በሙሉ ልብ የሚታመንባቸው መሣሪያዎቹ አንድ ጊዜ ከራሱ ጋር አጣልተውታል። ዕፀዋት አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ለማውጣት 4 የብርሃን ኳንተም ይበቃቸዋል ብሎ በ1920ዎቹ ደምድሞ ነበረ። የራሱ ተማሪ የነበረው አሜሪካዊው ሮበርት ኤመርሰን በዚያው በማኖሜትር ሲለካ ቁጥሩ ከ8 እስከ 12 ሆኖ አገኘው። በ1948 ዋርበርግ ወደ ኢሊኖይ ተጉዞ አብረው ቢሠሩም አልተስማሙም። በመጨረሻ ልክ ሆኖ የተገኘው የተማሪው ቁጥር ቢሆንም፣ መምህሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ከ4 አልራቀም። የካንሰር መነሻ የትንፋሽ መበላሸት ነው የሚለውን እምነቱንም እንዲሁ አልለቀቀም፤ በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ትንፋሹ ጤናማ ሆኖ መገኘቱ በኋላ ታውቋል። በ1970 በ86 ዓመቱ በርሊን ውስጥ ሞተ። የዳህሌሙ ሕንፃም በኋላ የማክስ ፕላንክ ማኅበር የመዛግብት ቤት ሆነ።

እርሱ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1967፣ የሃንጋሪው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ደካማ የሌዘር ብርሃን በአይጦች ቆዳ ላይ ጠጉርን ሲያፋጥን ተመለከተ። ከዚያም ሩሲያዊቷ ቲና ካሩ ቀይ ብርሃንን በሕዋስ ውስጥ የሚቀበለው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ነው የሚለውን ሐሳብ አቀረበች። የነርቭ ሕዋስ ኃይሉን በብዛት የሚያገኘው በዚህ ኢንዛይም በኩል ስለሆነ ተስፋው ወደ አረጀ አንጎል ተሸጋገረ። ለማስረጃነት ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ብርሃኑ ኢንዛይሙን የሚያግደውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያላቅቃል የሚል ነው። ይህም የዋርበርግን እርሾ ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ዋርበርግ ያገኛቸው ጫፎች የኢንዛይሙ ብረት ብርሃን የሚመጥባቸው፣ በሰማያዊውና በቢጫው በኩል ያሉ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ብርሃን የራስ ቅልን አልፎ ሊገባ የሚችልበት መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። ለሕክምና የሚፈለገው ከ800 ናኖሜትር በላይ ያለው ጨረር ግን በይበልጥ የሚመጠጠው በኢንዛይሙ መዳብ ነው፤ ይህንንም መዳብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሙከራ ሊያሳየው አይችልም ነበር። ዋና ተቀባዩ ይህ ኢንዛይም መሆኑ ራሱ አከራካሪ ነው። በአረጋውያን ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው። ዋርበርግ በእርሾው ላይ ያረፈውን ብርሃን ልክ ያውቅ ነበር፤ በራስ ቅል ላይ መብራት የሚያስሩት ግን ቆዳውና አጥንቱ አብዛኛውን ጨረር ስለሚበትኑትና ስለሚውጡት፣ ከነርቭ ሕዋሱ የሚደርሰውን ቅሪት በየሰዉ ራስ ውፍረት ለይተው ማስላት አለባቸው።