ስቱዲዮን ከቁም ሳጥን ወደ ቦርሳ ያወረደው ሰው

ቤተሰቦች፣ ከከሚሴም ከሰንበቴም ከባቲም በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልን አንድ ጥያቄ አለ፦ ኮምፒውተር ሳልገዛ፣ በትንንሽ መሣሪያዎች ብቻ፣ ተሸክሜው የምዞረው ስቱዲዮ መሥራት እችላለሁ ወይ? ይቻላል። ግን ዕቃ ከመዘርዘራችን በፊት የአንድ ሰው ሕይወት እናውራችሁ። በየቪዲዮው የምታዩዋቸው ብዙ ማዞሪያና ገመድ ያላቸው ትንንሽ ሳጥኖች ዘራቸው ሲቆጠር አብዛኞቹ እሱ ጋ ይደርሳሉ። ሮበርት ሞግ ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ብዙ ሰው ሙግ ብሎ ያነበዋል፤ እሱ ራሱ ግን ሞግ ነበር የሚለው። ከኛ ሞገድ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ግን የድምፅ ሞገድ ላይ ነው። ገጠመኝ ነው እንግዲህ።

የተወለደው ግንቦት 23 ቀን 1934 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። አባቱ የመብራት ኩባንያ መሐንዲስ፣ እናቱ ፒያኖ አስተማሪ። እናት ልጇ ፒያኖ ተጫዋች እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ ልጁ ግን አባቱ ምድር ቤት ውስጥ ብየዳ ሲበይድ ማየት ነበር የሚስበው። ገና በ14 ዓመቱ አካባቢ መጽሔት ላይ የወጣ ንድፍ ተከትሎ ቴርሚን ሠራ። ቴርሚን የሩሲያዊው ሌቭ ቴርሚን ፈጠራ ነው፤ እጅ ሳይነካው በሁለት አንቴናዎች አጠገብ እጅን በማንቀሳቀስ ብቻ ይዘፍናል። 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ከአባቱ ጋር ቴርሚን የሚሸጥ ድርጅት ከፈተ። በ1961 ደግሞ ክፍሎቹን በካርቶን አሽጎ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው መላክ ጀመረ። አንዱ 50 ዶላር ገደማ፣ የተሸጠው 1,000 አካባቢ። በዚህ ገንዘብ ነው ትምህርቱን የገፋው፤ በ1965 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1963 መጨረሻ ኸርበርት ዶይች ከሚባል የሙዚቃ መምህርና ደራሲ ጋር ተዋወቀ። ያኔ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማለት ቴፕ በምላጭ መቁረጥና መለጠፍ ነበር፤ ማሽን ካለም ክፍል የሚሞላ ነው፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ። ዶይች ሙዚቀኛ በእጁ ሊያዘው የሚችል ነገር ፈለገ። በ1964 በጋ ትረማንስበርግ የምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ሞግ ሱቅ መጥቶ አብረው ሠሩ።

ሞግ ያደረገው ማሽኑን መበጣጠስ ነው። ድምፅ የሚያመነጨው ኦሲሌተር ለብቻ፣ ድምፁን የሚያጣራው ፊልተር ለብቻ፣ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ለብቻ። እያንዳንዱ አንድ ሞጁል፣ ማገናኛው ገመድ። የፈለጋችሁትን ከፈለጋችሁት ጋር ትሰካላችሁ። አንዴ ዶይች ድምፁ ድንገት ከሚቆረጥ ቀስ ብሎ እንዲሞት ፈለገ። ሞግ የበር ደወል ቁልፍ ገዝተህ ና ብሎ ላከው። ያቺን ቁልፍ ከአንድ ትንሽ ሰርኪዩት ጋር አገናኛት፤ ሲጫኗት ድምፁ ይነሳል፣ ሲለቋት እየከሰመ ይሄዳል። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ቢት ስትሠሩ የምታገኙት ኤንቨሎፕ የሚባለው ነገር ሞግ ጋ እንዲህ ነው የጀመረው።

እኛ ግን ከሁሉም በላይ የምናደንቅለት ሌላ ነገር ነው። ክፍሎቹ የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ ሰጣቸው፤ ቋንቋውም ቮልት ነው። 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል፣ 1 ቮልት ሲቀነስ በዚያው ልክ ይወፍራል። በቃ። ኦክታቩን ለ12 ካካፈላችሁት የፒያኖ ቁልፍ ይሆናል፤ ግን ለ12 እኩል እንድታካፍሉት ማንም አያስገድዳችሁም። የባቲ ልጆች እዚህ ጋ ልብ በሉ። የተለመደው የሠርግ ኪቦርድ 12ቱን እኩል ቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ። ክራር የሚቃኝ ሰው ግን ጆሮው እስኪረካ ነው ጅማቱን የሚያጠብቀው፤ ባቲ ቅኝት ውስጥ የሚፈልገው ድምፅ አንዳንዴ በሁለት ቁልፎች መሀል ይወድቃል። በቮልት ሲሆን ማዞሪያውን እንደ ክራር መቃኛ ጠምዝዛችሁ እዚያው መሀል ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ለኛ ሰፈር ሙዚቃ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የሞጁሎቹ ችግር ግዝፈታቸው ነበር። ተደርድረው ሲታዩ ቁም ሳጥን ነው የሚያክሉት። ዌንዲ ካርሎስ በ1968 የባኽን ሥራዎች በሞግ የሠራችበት አልበም ሦስት ግራሚ አሸንፎ ሞግን ዓለም እንዲያውቀው አደረገ፤ ግን መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ስለማያወጣ መስመሩን አንድ በአንድ እየቀዳች ነበር የምትደራርበው። ይህን ተሸክሞ መድረክ ለመድረክ መዞር ጭነት መኪና ይጠይቃል።

መፍትሔው የመጣው ከሞግ አልነበረም። ቢል ሄምሳት የሚባል ሠራተኛው በምሳ ሰዓቱ ከተጣሉ ክፍሎች አንድ ትንሽ ነገር ገጣጠመ፤ ከኪቦርድ ጋር ተያይዞ በአንድ ሳጥን የሚገባ። ድርጅቱ በዕዳ ተይዞ ነበርና መሐንዲሶቹ ሊዘጋ ነው ብለው ሰጉ፤ ሞግ ከከተማ በወጣበት ጊዜ የመጨረሻውን ንድፍ ጨርሰው ወደ ምርት አስገቡት። ሚኒሞግ ይሉታል፤ በ1970 ወጣ፤ 44 ቁልፍ፣ 3 ኦሲሌተር፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ገደማ። ገመዶቹ ከውስጥ ቋሚ ሆነው ስለታሰሩ የፈለጋችሁትን ከፈለጋችሁት መሰካት ቀረ። ነፃነት ተሰጥቶ መንቀሳቀስ ተገዛ ማለት ነው። እኛ ስናየው ንግዱ ያዋጣ ነበር፤ እስከ 1981 ከ12,000 በላይ ተሠርቷል። ሙቀት ሲነካው ቃናው መሸሹ ግን ይታወቃል። የጨፋን የቀትር ፀሐይ ቢቀምስ ምን ይል ነበር!

ሚኒሞግ ድርጅቱን ቢያቆየውም ለሞግ አላዳነለትም። በ1971 ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ፣ በ1973 ደግሞ ኖርሊን የሚባል ትልቅ ኩባንያ ወሰደው። ሞግ በገዛ ስሙ በሚጠራ ቤት ተቀጣሪ ሆነ። በ1977 ለቆ ወጣ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ገብቶ ቢግ ብራየር በሚል ስም አዲስ ሱቅ ከፈተ። የሸጠው ምን ነበር? እንደ ልጅነቱ፣ ቴርሚን።

እሱ ስሙን ባጣበት ዘመን መሣሪያው የእኛን ሰው ዘንድ ደረሰ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ7፣ ሞግ ሲንተሳይዘር እና የከበሮ ማሽን። ባንድ የለም፣ አንድ ሰውና ጥቂት ሳጥኖች። ኃይሉ በኋላ ታክሲ እየነዳ ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሞግ ስሙን ያስመለሰው በ2002 ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። በዚያው ዓመት ሚኒሞግ ቮያጀርን አወጣ። በአንጎል ዕጢ ታሞ ነሐሴ 21 ቀን 2005 አሽቪል ከተማ ውስጥ በ71 ዓመቱ አረፈ።

ቋንቋው ግን አልሞተም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲተር ዶፕፈር የሚባል ጀርመናዊ ዩሮራክ የሚባለውን ትንሽ የሞጁል መጠን ጀመረ፤ ቁመቱ 13 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ቃናው ግን በዚያው በ1 ቮልት ሕግ ይሄዳል። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ነው፦ በ1 ቮልት አንድ ኦክታቭ ነው ወይ? አንዳንድ የድሮ ኮርግና ያማሃዎች በሌላ ሕግ ነው የሚሠሩት፤ ከሌላው ጋር ስትሰኳቸው ቃናው አይገጥምም። ለመነሻ አንድ ኦሲሌተር፣ አንድ ፊልተር፣ አንድ አምፕሊፋየር ከኤንቨሎፕ ጋር፣ እና ድምፁን በተራ የሚያዝ ሲኩዌንሰር ይበቃችኋል። መብራት የሚያስቸግራችሁ ደግሞ እንደ ኮርግ ቮልካ ያሉት በ6 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። የቀረውን ዋጋ ከነዝርዝሩ በሚቀጥለው እናመጣላችኋለን።